ባሕር ከምሳ በፊት

አክስቴ ፓስኳ የዋና ልብስ መግዛቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የገዛችው ከማክሰኞ ገበያ፣ ካልሲና የአልጋ ልብስ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ደረቱ የተዘጋ፣ መነኩሲት ብትለብሰው የማያሳፍር ልብስ ነበር። አልጋዋ ላይ ዘርግታው፣ እሷ ዳር ላይ ቁጭ ብላ እንደ እንግዳ እያከበረች ስታየው ሳላንኳኳ ገባሁባት። ለመደበቅ አልሞከረችም። በሩን ዝጊው አለችኝና ዓይኗን ወደ ልብሱ መለሰች።

ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችውም የኖረችውም አልታሙራ ነው፤ እሷና አባቴ ከአያቴ በወረሱት ቤት፣ ታች የአባቴ ዳቦ መጋገሪያ፣ ላይ እኛ። አልታሙራ ስንዴና ድንጋይ እንጂ ባሕር የላትም። ባሕሩ ግን ሩቅ አይደለም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ በዓል ዋዜማ፣ በአባቴ መኪና ፖሊኛኖ ወርደን የክርስትና እናቴን ቪታንቶኒያን ጠይቀን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ቪታንቶኒያ በልጅነታቸው አልታሙራ መነኮሳት ዘንድ እያደሩ ከአክስቴ ጋር ስፌት ተምረዋል። እኔ ስወለድ ክርስትና እንዲያነሱኝ የመረጠቻቸውም አክስቴ ናት። ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። በረንዳቸው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ከእግሩ ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ውሃ እንጂ ሌላ አያይም። አክስቴ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በየዓመቱ እዚያ በረንዳ ላይ ቆማ ባሕሩን አይታዋለች። ነክታው ግን አታውቅም።

ምክንያቱ ምሳ ነው። በእኛ አገር ሰው ከበላ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ባሕር አይገባም። ይህ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ምግብ ሆዱ ውስጥ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ የነካው ሰው ደሙ ቀጥ ይላል ትል ነበር። እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰውም በስም ትጠራ ነበር፤ ስሙ በየዓመቱ ይለዋወጥ ነበር እንጂ። ባሪ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ ይህን ከውስጤ አላወጣውም። ዛሬም ብስኩት ነክሼ ውሃ ዳር ስቆም እግሬ ያመነታል። ቪታንቶኒያ ቤት ደግሞ መብላት የሚጀመረው ገና ከበር ነው። ምሳው አልቆ ከገበታ ስንነሳ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሦስቱ ሰዓት ሊሞላ ሲል አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ማንቀጫቀል ይጀምራል፤ ማታ የሚያቦካው ሊጥ አለበት፣ የበዓል ዳቦ ደግሞ ለነገ አይባልም። «እንግዲህ በሚመጣው ዓመት» ትላለች አክስቴ የበረንዳውን ብረት ይዛ። ለእኛ ሳይሆን ለባሕሩ የምትነግረው ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ ግን የሚመጣ ዓመት አልነበረም። የቪታንቶኒያ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ስላለ በመስከረም ባሪ ወደ ልጃቸው ሊገቡ ነው፤ ቤቱም ለአገር ጎብኚ ሊከራይ ነው። ከእንግዲህ ፖሊኛኖ የምንሄድበት ቤት የለንም።

«አልበላም» አለችኝ አክስቴ ያን ቀን፣ በሩን ከዘጋሁ በኋላ።

አስባበታለች። የዋዜማውን ጾም ስእለት አለብኝ ልትል ነው። ጾሙን ድሮ አሮጊቶች ይጾሙት ነበር፤ ዛሬም የሚጾም ሰው ቢገኝ ማንም ለምን አይለውም። ሌላው ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እኔና እሷ ከገደሉ ሥር ወዳለው የጠጠር ዳርቻ እንወርዳለን። ሆዷ ባዶ ስለሆነ የምትጠብቀው ሰዓት የለም። ማንም ሳይነቃ ጸጉሯን በሻርፕ ጠቅልላ ትመለሳለች። ለምን በግልጽ አትነግሪያቸውም ብዬ ጠየቅኋት። በዚህ ዕድሜዬ ባሕር አማረኝ ብል አባትሽ እስከ ገና ይስቅብኛል አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አባቴ አንድ ቀልድ ካገኘ እንደ እርሾ ነው፣ ከዛሬው ቆርጦ ለነገ ያስቀምጣል።

በዋዜማው ጠዋት የዋና ልብሱን ከውስጥ፣ የእሑድ ቀሚሷን ከላይ ለብሳ መኪና ውስጥ ገባች። እናቴ ሱቁን ለመጠበቅ ቀረች። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ የሚያፍን ነበርና አክስቴ ከአልታሙራ ሳንወጣ ማላብ ጀመረች። አባቴ መስኮቱን ክፈቺው አላት፤ ከፈተችው። የቀሚስሽን የላይኛውን ቁልፍ ፍቺው እንጂ እትዬ፣ መነኩሲት ሆንሽ እንዴ አላት፤ እሱን አልፈታችም። እኔ ከኋላ ሆኜ የወይራ ዛፎቹን ብቻ አያለሁ።

መንገድ ላይ፣ ኮንቨርሳኖ ከተማ መግቢያ፣ እንደ ልማዳችን ቡና ልንጠጣ ቆምን። አባቴ ባንኮኒው ጋ ሆኖ ዞር አለ።

«እትዬ፣ ያው ማኪያቶ ነው አይደል?»

«ጥቁር።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ወተት ምግብ ነው» አለች።

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ የስኳሩን ዕቃ አየሁ። አክስቴም አየችው፤ እጇን ዘርግታ ነካችውና ትንሽ አሰበች፣ ከዚያ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በሕይወቷ ቡና ያለ ስኳር ጠጥታ የማታውቅ ሴት ፊቷን እንኳ ሳታጠቁር ጨለጠችው።

ስእለቱን የነገረችን ከዚያ በኋላ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። አባቴ እመቤታችን ምን አድርጋልሽ ነው የምትጾሚላት ብሎ ጠየቃት። «እሱን እመቤታችንና እኔ እናውቃለን» ብላ መለሰችለት። በሕይወቴ ከእሷ አፍ ስትወጣ የሰማኋት የመጀመሪያ ውሸት ይህቺ ናት። ወዲያው በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዙራ፣ አባቴ በማያይበት በኩል አማተበች።

ፖሊኛኖ ስንደርስ የአሮጌው ከተማ በር በሰው ተጨናንቋል። በድንጋይ ንጣፉ ላይ የሻንጣ ጎማ ይንኳኳል። ቪታንቶኒያ ከነሽርጣቸው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ በእጃቸው ላይ በወረቀት የያዙት ቲማቲምና የወይራ ዘይት የጠጣ ፎካቻ፣ ጠፍጣፋው ዳቦ፣ ገና ይጨሳል። ከሰላምታ በፊት መጉረስ የዚያ ቤት ሕግ ነው። አባቴ ሁለት ቁራሽ አነሳ። እኔም አንድ ጎረስኩ። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስእለት አለብኝ ቪታንቶኒያ፣ እስከ ማታ አልቀምስም አለች።

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ግን አልተቆጡም። የተዘረጋውን ቁራሽ ሳም አድርገው ወደ ወረቀቱ መለሱት። ከዚያ አክስቴን ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ዓይናቸው ረጠበ። እጇን ይዘው አስገቧት። አክስቴ በትከሻዋ በኩል እኔን ዞር ብላ ስታየኝ፣ ጥልቀቱን የማታውቀው ውሃ ውስጥ እግሯን ያስገባች ትመስል ነበር።

እስከ ምሳ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ቤቱ ውስጥ ካርቶኖች ተደራርበዋል፤ ግድግዳው ላይ ሥዕሎቹ የነበሩበት ቦታ ነጥቷል። በረንዳው ላይ ግን ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው ነው፤ የብረት ወንበሮቹ፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ የበቀለው በሶብላ፣ የተሰጣ ፎጣ። ከታች በሁለቱ ገደሎች መካከል የጠጠሩ ዳርቻ በጥላና በሰው ተሞልቷል። ወጣቶች ከድንጋዩ ላይ እየዘለሉ ውሃ ይገባሉ። አንዱ ቀይ ፀጉር ያለው አይስክሬሙን ጨርሶ፣ እንጨቱን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ እዚያው ዘለለ።

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። «አያችሁት? አሁን እኮ ነው የዋጠው።»

«ጀርመን ነው» አሉ ቪታንቶኒያ።

«ጀርመን ቢሆንስ?»

«የእነሱ ሆድ ሌላ ነው፣ አበልጄ። ቁርስ ላይ ሥጋ የሚበላ ሆድ ምን ይሆናል?»

አባቴ አይስክሬም እኮ ሲቀልጥ ውሃ ነው፣ ውሃ በውሃ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ መከራከር ጀመረ። ቪታንቶኒያ እንዲህ ከሆነ ሐብሐብም ውሃ ነው ልትለኝ ነው አሉት። ሐብሐብማ ውሃ ነው አለ። ፍሬውስ፣ ፍሬውን ትተፋለህ ወይስ ትውጣለህ ብለው ጠየቁት። በዚህ ላይ ትንሽ ተሟገቱ፤ መጨረሻ ላይ ፍሬው ከተተፋ አንድ ሰዓት፣ ከተዋጠ ሦስት በሚል ተስማሙ።  የአክስቴ ዓይን ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ በጠለቀበት ቦታ ላይ ነበር። ልጁ ከውሃው ብቅ ሲል የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ከዚያ ምሳ ደረሰ።

ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው መነኮሳቱ ዘንድ የተጠለፈው ነጭ ጨርቅ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ያለው ጥልፍ የአክስቴ፣ ከሌላው ጫፍ ያለው የቪታንቶኒያ ነው ይባላል፤ የቱ የማን እንደሆነ ግን ተስማምተው አያውቁም። መካከል ላይ ሩዝ፣ ድንችና የባሕር ዛጎል ተደራርቦ የተጋገረበት ትሪ አለ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የፓስታው ውሃ ይንተከተካል። ፓስታው ንጹሕ ፎጣ ላይ ተዘርግቷል፤ እንደ ሕፃን ጆሮ ትንንሽ፣ እያንዳንዱ ላይ የቪታንቶኒያ አውራ ጣት ምልክት ያለበት። ሌሊቱን ተነስተው ነው የሠሩት።

ልንቀመጥ ስንል ቪታንቶኒያ አንድ ሳህን አነሱ። የአክስቴን ነበር። ከዚያ የራሳቸውንም አነሱ።

አባቴ ምን እያደረጉ ነው አበልጄ አላቸው።

«እሷ ጾማ እኔ ልበላ ነው?» አሉ። «አብረን ቆርበን፣ አብረን ስፌት ተምረን፣ ዛሬ ልጹምላት እንጂ። እናንተ ብሉ። ከምሳ በኋላ አንተ ጋደም በል፤ እኔና እሷ በረንዳው ላይ መቁጠሪያችንን ይዘን ማታ ድረስ እንጸልያለን።»

ከዚያም ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣ በዚህ ቤት የመጨረሻው ምሳዬ ነው፣ ግን ለእመቤታችን ይሁንላት አሉና ሳህኖቹን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

አክስቴ ወንበሯን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ዕቅዷ እንደፈረሰባት ገብቶኛል። ማታ ድረስ የሚጸልይ ሰው ከአጠገቧ አይነሳም። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ያን አልነበረም። ዓይኗ በወጥ ቤቱ በር በኩል ፎጣው ላይ የተዘረጉትን ትንንሽ ጆሮዎች ያያል። እኔ መጠጫውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩ። ሳላውቅ ውስጤ ጠብቂ፣ አትናገሪ፣ አንድ ቀን ነው ይላት ነበር።

አክስቴ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደች። ሳህኗን ከቪታንቶኒያ እጅ ወሰደች።

«ሳህንሽን መልሺ። እበላለሁ» አለች። «ስእለት የለብኝም። ውሸቴን ነው።»

ቪታንቶኒያ ጭልፋ እንደያዙ ዞሩ። አባቴ ናፕኪኑን አንገቱ ሥር እየከተተ ነበር፤ እጁ እዚያው ቆመ።

«በእመቤታችን ስም?» አሉ ቪታንቶኒያ።

«በእመቤታችን ስም።»

«ለምን?»

 አክስቴ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና አባቴ መኪና ውስጥ ፍቺው ያላትን የላይኛውን ቁልፍ ፈታችው። ቀጥሎ ያለውንም ፈታች። ከእሑድ ቀሚሷ ሥር ጥቁር ሰማያዊው ታየ።

«ባሕር ልገባ ነበር» አለች። «ተዪው አሁን። ፓስታውን ጨምሪ።»

አባቴ ሊስቅ ከንፈሩን አላቀቀ። ቪታንቶኒያ አንድ ጊዜ አዩት፤ ተወው። ውሃው ይንተከተካል። እንፋሎቱ የወጥ ቤቱን መስኮት አልብሶታል፤ ቪታንቶኒያ በእጃቸው ጀርባ ጠረግ አድርገው በዚያች ቀዳዳ በኩል ወደ ታች አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የልብ ሕመምተኛን እንደሚጠይቅ ሐኪም ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

«ጥቁር ቡና።»

«ስኳርስ?»

«ያለ ስኳር።»

ቪታንቶኒያ ጭልፋውን አስቀመጡ። እጃቸውን ወደ ምድጃው ሰደው ጋዙን አጠፉት።

ይህን ለአገሬ ሰው ስናገር እንኳ አያምነኝም። የፓስታ ውሃ ከፈላ በኋላ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ ፓስታው ይበላል እንጂ እሳቱ አይጠፋም። ሰው ፓስታን ይጠብቃል፣ ፓስታ ሰውን አይጠብቅም። መንተክተኩ ቀስ እያለ ሲሞት ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

«አበልጄ» አለ አባቴ፣ ናፕኪኑ አንገቱ ላይ እንዳለ። «ውሃው ፈልቶ ነበር እኮ።»

«ደግሞ ይፈላል» አሉ ቪታንቶኒያ። ሽርጣቸውን ፈቱ። «እኔም ከቀመስኩት ሱጎ በቀር ምንም አልበላሁም። አንተ ጋጋሪ ነህ፣ ፍረድ። መቅመስ መብላት ነው?»

አባቴ ጥያቄውን ከልቡ አሰበበት። ሌሊት ሌሊት ሊጥ ሲቀምስ የኖረ ሰው ነው። «መቅመስ ሥራ ነው» አለ በመጨረሻ። «መብላት አይደለም።»

«በቃ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ኦርኔላ፣ ፎጣ አምጪ።»

ወደ ዳርቻው የሚወስደው ቁልቁለት በአሮጌው ድልድይ ሥር ያልፋል። አባቴ በአንድ ክንዱ እህቱን፣ በሌላው አበልጁን ይዞ ወረደ። እኔ ፎጣና ጫማ ተሸክሜ ከኋላ ነኝ። ቪታንቶኒያ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጥቁር ለብሼ ባሕር ዳር አልታይም ብለው ነበር። ከዚያ በፊትስ ብላ አክስቴ ጠየቀቻቸው። ከዚያ በፊትማ ምሳውን ማን ይሠራ ነበር አሏት። ልጅ ሳሉ ግን ከዚያ ገደል ላይ ይዘሉ እንደነበር፣ እናታቸውም ከበረንዳው ሆነው ስማቸውን እየጠሩ ይረግሟቸው እንደነበር ነገሩን። የዋና ልብስ የላቸውም። ጥቁር ቀሚሳቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ለአባቴ ሰጡትና በነጭ የውስጥ ቀሚሳቸው ቆሙ። በዙሪያችን ያለው ሰው ዞር ብሎም አላየን።

አባቴ ሁለት ቁራሽ ፎካቻ ስለበላ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ። ለእኔ ነገር ጥቂት ክርክር ተነሳ። አንድ ጉርሻ ነው የበላሁት። አባቴ ጉርሻም ጉርሻ ነው አለ። ቪታንቶኒያ ውሃው እስከ ጉልበት ከሆነ ሆድ ጋ አይደርስም ብለው ፈረዱልኝ። ስለዚህ ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ ከዚያም አላለፍኩም።

አክስቴ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካ ቆመች። ጠጠሩ እግሯን እየወጋት ነው መሰለኝ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ትላለች። ደረጃ ላይ እንደዚያ የሚያቃስቱት ቪታንቶኒያ ከፊቷ ሆነው፣ ወደ ኋላቸው እየሄዱ፣ ሁለት እጇን ይዘው ሳቧት። በውሃ ውስጥ ጉልበታቸው አላመማቸውም። ባሕሩ ያን ቀን ረግቷል፤ የደቡብ ነፋስ ሲሆን እዚያ ጋ እንደ ዘይት ይተኛል። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ አክስቴ አንዴ ትንፋሿን ሳበች። ደረቷ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ተንጋለዪ» አሏት ቪታንቶኒያ።

«እሰጥማለሁ።»

«እኔ ይዤሻለሁ። አንገትሽን ተዪው። እንደ አልጋ አድርጊው።»

ብዙ ቆየች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ለቀቀች። እግሮቿ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ጥቁር ሰማያዊው ሆዷ ከውሃው በላይ ወጣ። የቪታንቶኒያ መዳፍ ከጀርባዋ ሥር ነበር፤ በኋላ እንደነገሩኝ ብዙም ሳይቆዩ አውጥተውት ነበር፣ አክስቴ ግን አላወቀችም። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለነበር የምንላትን አትሰማም። ፊቷ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ሆና የምታየው ገደሉን ነበር፤ ከገደሉም በላይ በረንዳውን።

«ያ በሶብላ ያንቺ ነው?» አለች ጮክ ብላ፣ መስማት እንደተሳነው ሰው።

«የእኔ ነው።»

«ቤትሽ ከታች ሲያዩት ትንሽ ነው።»

ቪታንቶኒያ ቀና ብለው አዩ። የተወለዱበትን፣ የተዳሩበትን፣ የባላቸውን አስከሬን ያስወጡበትን ቤት። ውሃው ትከሻቸው ላይ ነበር።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ይሄን ያህል አይመስለኝም ነበር።»

በድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ፈልጌ ነበር። አላገኘሁትም።

አባቴ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው ጊዜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የቪታንቶኒያን ጥቁር ቀሚስ ብብቱ ሥር እንደያዘ እኔ ጋ መጥቶ ቆመ። እህቱን አያት። እናታችን ብታያት አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ትእዛዟን ሳታፈርስ ገባች እኮ፣ ባዶ ሆዷን ነው አለ። በዚህ የኮራ መሰለኝ።

ሽቅብ ስንወጣ ለቪታንቶኒያ ሦስት ጊዜ ማረፍ ነበረብን። ጋዙን መልሰው ለኮሱ። ምሳ የበላነው ሰው ሁሉ ከቀትር እንቅልፉ በሚነሳበት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ፣ ነጩን የጥልፍ ጨርቅ እያረጠቡ። አክስቴ ፓስታውን ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ ትሪውን ግማሽ እሷ ብቻዋን የበላችው መሰለኝ። በመካከሉ ሹካዋን አቆመች።

«ሩጄሮ፣ ከበሉ በኋላ ሦስት ሰዓት ነው። ገባኝ» አለችው አባቴን። «ከዋኙ በኋላስ ለመብላት ስንት ይጠበቃል?»

አባቴ አፉ ሙሉ ነበር። አሰበ። «ምንም» አለ።

«እናታችን ይሄንን ለምን አልነገረችኝም?»

«አልጠየቅሻትም።»

ቪታንቶኒያ እስኪያስላቸው ሳቁ። አባቴ ያን ዕለት ስእለቷን አንስቶ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደባትም፤ ለገና አስቀምጦት ይሆናል።

ስንሄድ ቪታንቶኒያ የበሶብላውን ማሰሮ ባሪ ያለው ቤት ፀሐይ የለውም ብለው አክስቴ እቅፍ ላይ አስቀመጡላት። አላለቀሱም። ለሚመጣው ዓመት እሳቸው ከባሪ በባቡር፣ እኛ ከአልታሙራ በመኪና እንምጣ፣ ዳርቻው ላይ እንገናኝ፣ ምሳ ማን እንደሚያመጣ ያኔ እንነጋገራለን ተባባሉ። ቤቱ ለእንግዳ ቢከራይም ባሕሩ አልተከራየም አለ አባቴ። መንገድ ላይ አክስቴ ፎጣ ላይ ተቀምጣ፣ በቅጠሎቹ መካከል ፊቷ እየታየ፣ ኮንቨርሳኖ ሳንደርስ ተኛች። አባቴ ቡና ለመጠጣት አላቆመም፤ እንዳትነቃ።

በማግስቱ በዓሉ ነበር። በእኛ ሰፈር የእመቤታችን ሐውልት በሰልፍ ሲያልፍ ሰው ያለውን ምርጥ የአልጋ ልብስ ከበረንዳው ላይ ይሰቅላል፤ ሐር፣ ዳንቴል፣ ከእናት የተወረሰ ጥልፍ። እኛም የአያቴን ወርቃማ አልጋ ልብስ እንሰቅላለን። ያን ጠዋት ወደ በረንዳው ስወጣ አልጋ ልብሱ ተሰቅሏል፤ ከአጠገቡ፣ በዚያው ብረት ላይ፣ ጥቁር ሰማያዊው የዋና ልብስ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ይደርቃል። ጨው ነጭ መስመር ጥሎበታል።

ሰልፉ ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ላስገባው ተነሳሁ። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ገና እርጥብ ነው አለች።

ከፊት ለፊት በረንዳ ጎረቤታችን ወደ እኛ አዘንብላ ያ ሰማያዊ የማን ነው፣ የኦርኔላ ነው ብላ ጠየቀች። እኔ ቀላሁ። አክስቴ መቁጠሪያዋን እንደያዘች፣ ዓይኗን ከሐውልቱ ላይ ሳታነሳ መለሰችላት።

«የእኔ ነው» አለች።